የእናና እሳትና የእትየ ደብሬ ቆጣሪ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ቡሬ፣ ከጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ክፍል ውስጥ አንድ የቆየ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካን። ከቤት የላኩላት ነው፤ ስንት ጊዜ አልጋ ስር እንደኖረ እንጃ። ሽቦው ገና ሳይቀላ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ተቃጠለና ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ንቀይው፣ ሊያነደን ነው!» አለች። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«እናና መጡ» አልኳት።

«የት?» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። እናና የመጡት በዚያ በተቃጠለ አቧራ ሽታ ውስጥ ነው። እሳቸው ሲመጡ እኔም መጣሁ፤ የስምንት ዓመቷ እኔ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ክረምት ላይ፣ አፍንጫዬ ከቆጣሪ መስታወት ጋር ተጣብቆ።

ያኔ የምንኖረው እትየ ደብሬ ግቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት ብቻ ነበረ፤ የእሳቸው ትልቁ ቤትና ከጎኑ የተለጠፈችው የእኛ አንዲት ክፍል። አባቴ መምህር ነው፤ ክረምት ሲገባ ለትምህርት ባሕር ዳር ይሄዳል። በዚያ ዓመት እሱ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ወንድሜን ወለደች።

የእትየ ደብሬ ባለቤት ሹፌር ነበሩ፣ እኔ አልደረስኩባቸውም። ቤቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው። የመብራቱንም ገመድ በሚስማር እየያዙ ግድግዳ ለግድግዳ የዘረጉት እሳቸው ናቸው። እትየ ደብሬ ታዲያ ያን ገመድ እንደ ሰው ይጠብቁት ነበር። ጠዋት ጠዋት በመዳፋቸው እየነኩ ግቢውን ይዞራሉ። «ይሄ ቤት እንጨትና ጭድ ነው፤ አንድ ቀን ገመዱ ቢግል አመድ ነን» ይላሉ። ግድግዳው በቀለም ተሸፍኖ ስለነበር ጭዱ የት እንዳለ አይታየኝም። አንድ ቀን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አገኘሁት። እውነታቸውን ነበር።

ቆጣሪው የተሰቀለው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ጥቁር ሳጥን፣ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ የምትዞር ስስ ብርማ መንኮራኩር። ጠርዟ ላይ አንዲት ቀይ ምልክት አለች፤ ትመጣለች፣ ታልፋለች፣ ከጀርባ ዞራ ደግሞ ትመጣለች። መጀመሪያ ነፍሳት መስላኝ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ገብታ መውጫው የጠፋት ቀይ ነፍሳት። በኋላ ስሙን ስሰማ ሌላ ነገር ገባኝ። ቆጣሪ ከሆነ የሚቆጥረው ነገር አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ የሚቆጠር ምን አለ? እኛ ነና! እኔ፣ እናቴ፣ እትየ ደብሬ፣ ዶሮዋም ምናልባት። አባቴ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ቆጣሪው የሚቀንስ መስሎኝ በረንዳው ላይ ቆሜ ጠብቄያለሁ። አልቀነሰም። ረስቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ወንድሜ በተወለደ ማግስት ግን መንኮራኩሯ መሮጥ ጀመረች። እኔም አመንኩ። አንድ ሰው ተጨመረ፣ ቆጣሪው አወቀ።

ያወቀው ግን እናናን ነበር።

እናና የእናቴ አክስት ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ልጅዎ ወለደች ሲሏቸው ከፈረስ ቤት በአይሱዙ ጋቢና መጡ። ደጋ ለደጋ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፍኖተ ሰላምን «ቆላ» እያሉ፣ ግን ከጋቢው ላይ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ደርበው ነው የወረዱት። አንድ ማዳበሪያ ድንች፣ አንድ እስር የደረቀ ጦስኝ፣ አንድ ትልቅ ቅርጫት ደግሞ እንቁላል ይዘዋል። እንቁላሉ መንገድ ላይ እንዳይሰበር በገብስ ገለባ ታጭቋል። ቤት ሲገቡ ልጁን አላዩም፤ ወንድ ነው ሴት ብለው አልጠየቁም።

«እሳቱ የት ነው?» አሉ።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ምድጃውን አሳየቻቸው። «ይኸውልዎ እናና። በኮረንቲ ነው። እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል፣ ማድ ቤቱም ያፈሳል። ከሰል ደግሞ በዝግ ቤት ራሴን አዞረኝ።»

እናና ጎንበስ ብለው አዩት። የሸክላ ምድጃ ነው፤ መሐሉ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ የተኛበት።

«ይሄ የተጠቀለለ ትል ነው እሳቱ?»

«ሲሰካ ይቀላል፣ እናና።»

«ስኪልኝ እስቲ።»

እኔ ሰካሁት። አቧራው ተቃጠለ፣ ሸተተ፣ ሽቦው ቀላ። እናና እጃቸውን ከላዩ ላይ ዘረጉ፤ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ። እንግዲህ አይነካም። አራስ ያለችበት ቤት እሳት አይጠፋም፤ ክርስትናው እስኪደርስ ይሄ እንደ ቀላ ይኖራል።»

እውነታቸውን ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃው ጎህ ሲቀድ ይሰካል፣ ሁላችን እስክንተኛ አይነቀልም። ላዩ ላይ ትልቁ ድስት፣ አፉ እንደተከፈተ፣ እስከ አንገቱ ውሃ ተሞልቶ ይንተከተካል። ከእሱ እየቀዱ ለእናቴ ጦስኝ ያፈላሉ፤ አብሽ ይበጠብጣሉ፤ አጥሚት ይሠራሉ። የተረፈው ዝም ብሎ ይተናል። ክፍሏ ጉም ሆነች። ግድግዳው ያልበዋል። የአባቴ የምረቃ ፎቶ መስታወቱ ሥር ጤዛ ያዘና እሱም ላብ ላብ አለው፤ ባሕር ዳር ሞቆት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ድስቱን ሊከድን የሞከረ ወዮለት። እናቴ አንዴ «እናና፣ ቢከደን እኮ ቶሎ ይፈላል» ብትላቸው «ሲንተከተክ ካላየሁት እንዴት አምነዋለሁ?» አሏት። በእንግዳ ፊት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጠያቂ ሴት ስትመጣ እናና ብድግ ብለው ድስቱንም የእናቴንም ብርጭቆ በነጠላቸው ይጋርዳሉ። የአራስ መጠጥ ለሰው ዓይን አይገለጥም። ሴቶቹም ያውቁታል፤ እያወሩ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ያነሳሉ።

እትየ ደብሬ በመጀመሪያ ዝም አሉ። የተፈቀደልን ሻይ ለማፍላት ያህል እንድንሰካ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከበረንዳው ጠሩኝ።

«ማነሽ አንች ልጅ! አክስትሽን ጥሪልኝ።»

እናና ባናቸውን ደርበው ወጡ። እትየ ደብሬ በጣታቸው ወደ ቆጣሪው አመለከቱ።

«እሜትየ፣ ይዩት። ለአራሷ ብየ ነው ዝም ያልኩት። ከማለዳ እስከ ማታ እንደ ባቡር ይሮጣል። ራዲዮየ ይንጫጫል፣ አምፖሌ ይደክማል። ይንኩት እስቲ ገመዱን፤ ትኩስ ነው።»

እናና ነኩት። «እሰይ» አሉ። «ምን አደረገ ታዲያ ትኩስ ቢሆን? ብርድ ነው እኮ።»

«ቤቴ ይነዳላ!»

«በዚህ ዝናብ? አይነድም።»

እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን ወደ ቆጣሪው አዞርኩ። እትየ ደብሬ ግን አልሳቁም።

«እንግዲህ ተናግሬያለሁ። ባሌ የዘረጋው ገመድ ነው፤ ለአምፖል ነው የዘረጋው። ዳግመኛ እንዲህ ሲሮጥ ባየው፣ ወደ እናንተ የሚሄደውን ከዚህ ላይ እቆርጠዋለሁ። በኩራዝ ትቀመጣላችሁ።»

ቤት ገብተን እናቴ ለመነቻቸው። «እናና፣ በማርያም፣ ይንቀሉት። ትንሽ ቆይተን እንሰካዋለን።» እናና ጀርባቸውን ሰጥተዋት የድስቱን ውሃ እያዩ ቆዩ። ከዚያ የተናገሩትን የሰማሁት አልጋው ሥር ተቀምጬ ነው፤ እኔ መኖሬን የረሱ መሰለኝ።

«ያኔም ሐምሌ ነበር። እንጨቱ ሁሉ በሰበሰ። እሳቱ ጠፋብኝ። ከጎረቤት እሳት ልጭር ወጣሁ፤ ወንዙ ሞልቶ በዚያ በላይ ዞርሁ። ይዠ ስገባ እጇ ቀዝቅዟል። አንችን እንዳቀፈች ነው። አንች ትሞቂ ነበር።»

እናቴ ወንድሜን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። የሚያወሩት ስለ እናቴ እናት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እትየ ደብሬ ገመዱን ከቆረጡት እናና ይሄን ቤት አይችሉትም፣ እናቴም ትቀዘቅዛለች።

ስለዚህ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ስለ ወንድሜ ያመንኩትን መፈተን ነበረብኝ። ልጁን ተሸክሜ ከግቢ ማውጣት አልችልም፤ ታዲያ ምን ላድርግ? መልሱ ራሱ መጣ። እናና ወደ ደጅ ሲወጡ እናቴ በዓይኗ ጠቅሳኝ ምድጃውን ነቀልኩት። ሮጬ በረንዳ ወጣሁ። መንኮራኩሯ ደከማት። ቀይዋ ምልክት እንደ አሮጊት እየተንፏቀቀች መጣች፤ ከእትየ ደብሬ ራዲዮ በቀር የሚጎትታት አልነበረም። ወንድሜ ግን እቤት ነበር፤ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ቆጣሪው እሱን አልቆጠረውም! ለወንድሜ ትንሽ አዘንኩ። ለራሴ ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሚቆጠረው ትሉ ነው። ትሉ ቶሎ ከተነቀለ ቀይዋ አትሮጥም። እናም የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃን በጥቂት ሩጫ እንዴት ማፍላት ይቻላል?

እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ሥራ የላትም፤ ከእኔ ጋር ነገሩን ወደደችው። ሰዓት አልነበረንም። ስለዚህ በፊደል ገበታ ለካን። ውሃ ስንጥድ «ሀ ሁ ሂ» እላለሁ፣ ሲፈላ የደረስኩበትን እንይዛለን። የእናቴን አንድ ብርጭቆ ውሃ በትንሿ ማንቆርቆሪያ፣ ያለ ክዳን ስናፈላ ገበታውን ጨርሼ ከ«ፐ» ተመልሼ ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር። ማንቆርቆሪያዋ ክዳኗ ጠፍቷል። በሚቀጥለው አፏ ላይ የሻይ ሳህን ደፋንባት። «ወ» ላይ ስደርስ ሳህኑ ተንቀጠቀጠ።

«እማ! ‹ወ› ነው! ‹ወ› ላይ!»

«ቀስ በይ፣ ልጁን ትቀሰቅሽዋለሽ። በጣም ፈጥነሽ ብለሽው ይሆናል፤ እንደገና።»

እንደገና አልኩት። «ወ»ን ትንሽ አለፍ አልኩ እንጂ ገበታው አላለቀም።

እናና ገብተው ሳህኑን አዩ። ሊያነሱት እጃቸውን ሲሰዱ ከሥሩ «ጥርርር» አለ። እጃቸውን መለሱ።

«ይናገራል እንዴ?»

«ሲፈላ ያንኳኳል፣ እናና። ማየት አያስፈልግም፣ ይሰማል።»

ጆሮአቸውን አስጠጉ። አዳመጡ። «እሽ» አሉ ቅር እያላቸው፣ «ይከደን። ግን ካልተናገረ እከፍተዋለሁ።»

ከዚያ የድስቱን ነገር አነሳን። ለአንዲት አራስ ለድግስ የሚበቃ ውሃ! «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ስትላቸው እናቴ፣ «ለመጣ» አሏት። የመጣው እየጠጣ ሳይሆን ጣሪያ እያየ ነው የሚሄደው። በብርጭቆ እየለካን መጣድ ጀመርን። ማንቆርቆሪያዋ ሥሯ ጠባብ ስለሆነ ግማሹ ትል ውጭ ቀርቶ ለአየር ሲቀላ አየሁና ሥረ ሰፊዋን ብረት ድስት አመጣሁ፤ ትሉን እንደ ዶሮ ታቅፈዋለች። ሌላም አገኘን። ውሃው ገና ዙሪያውን ትናንሽ ዓይን ሲያወጣ ብንነቅለውም ምድጃው ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ውሃው በዚያው ይፈላል። ይሄን እናና ወደዱት።

«ይሄስ ቂመኛ ነው» አሉ። «ከተውነውም በኋላ እንደተቆጣ ነው።»

ቀይዋ ምልክት ሩጫዋን ቀነሰች። እትየ ደብሬ በረንዳው ላይ ባለች በርጩማ፣ በዱካቸው ላይ፣ ተቀምጠው ያዩዋታል፣ ዝም ይላሉ። እናና ግን ዝም አላሉም። ምድጃው በተነቀለ ቁጥር ዕረፍት ያጣሉ። ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የእናቴን እግር ይነካሉ፣ ሸክላውን ይነካሉ። ቂሙ ሲበርድ «ስኪው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ብዙ ትጠጣለች፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። የፈላው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይጣዳል። በቀን ሲደመር ሩጫው ተመልሶ ሊመጣ ነው።

አንዲት ጠያቂ አጥሚት በፔርሙስ አምጥታ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀዳ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እኛም ፔርሙስ ነበረን፣ ግን ወድቆ ሲነቀነቅ የሚንሿሿ። ለምን እንደሚንሿሿ ለማየት ቂጡን ፈታሁት። የተሰበረ መስታወት ዘረገፈ። ፊቴ በየስባሪው ውስጥ አየኝ። ገባኝ! ሙቀቱ ገብቶ መልኩን በመስታወት እያየ መውጣት ይረሳል፤ እናቴ ወደ ገበያ ስትነሳ እንደምትቆየው። ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። እስክትጠግብ ሳቀችና ከዚያ «ስባሪውን በጨርቅ ልቀሚ፣ በእጅሽ እንዳትነኪ» አለችኝ።

ሌላ ፔርሙስ አልነበረንም። ድንች ግን ነበረን።

እናና የደጋውን ድንች ቀቅለው ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለት። አንዱን በልቼ አንዱን ለኋላ ደበቅሁት። ግቢው ውስጥ ለድንች መደበቂያ ከእንቁላሉ ቅርጫት የተሻለ የት ይገኛል? እንቁላሉ አልቆ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ወደ ውስጥ ወሸቅሁት፤ እናና ባናቸውን ከላዩ ጥለው ተቀመጡበት። ዝናቡ መጣ፣ በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ፣ እኔ በረዶ ስለቅም ድንቹን ረሳሁት። አመሻሹ ላይ ሲርበኝ እጄን ሰደድኩ።

እጄን መልሼ አወጣሁ። «እናና! ቅርጫቱ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አለ!»

እናና ባናውን ገልጠው እጃቸውን ከተቱ። ድንቹን አወጡ። ለሁለት ሲሰብሩት ተነነ። እናቴን አዩ፣ እናቴም እሳቸውን። እኔ ግማሹን ድንች እየበላሁ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እላለሁ።

በማግስቱ እናና ብረት ድስቷን አፍልተው፣ ከድነው፣ ገለባው ውስጥ ጎድጓዳ ሠርተው እንደ ጫጩት አስቀመጧት። ከላይ ገለባ፣ ከገለባው ላይ ባና። ማንቆርቆሪያዋንም በሌላ ቀን ሞከርናት፤ ሙቀቱ በጡቷ እየወጣ ስላስቸገረን የበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍንባት። የመጀመሪያው ቀን ሻይ ገለባ ገለባ አለ። እናቴ ፊቷን አጨማደደች። እናና ቀምሰው «ማሳ ማሳ ይላል፤ ምን አለበት» አሉ፣ ግን በኋላ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ አሰሩት።

ያን ቀን እናና ከቅርጫቱ አልራቁም። ምድጃው ተነቅሏል። ቂሙም በርዷል። እሳቸው አጠገቡ እንደ ሕመምተኛ አስታማሚ ተቀምጠው እያረፉ እጃቸውን ከባናው ሥር ይሰዳሉ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ፊታቸውን ታነባለች። እኔ ፊደል መቁጠር ጀምሬ ስለሰለቸኝ ተውኩት፤ ገበታው ለዚህ አይበቃም። ከሰዓት በኋላ እናና ለእናቴ ቀዱላት። እሷም አንዴ ፉት ብላ «እፍፍ» አለች።

እናና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ተኝቷል እንጅ አልጠፋም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ምድጃው ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ ቀትር አልፎ አንዴ ይሰካል፤ በቃ። አሁን ለጠያቂም ሻይ ይተርፋል። እናና ሌሊት እጃቸውን ቅርጫቱ ላይ ጥለው ይተኛሉ። ፎቶው ላብ ማላቡን ተወ። ቀይዋ ምልክት እየተንፏቀቀች ትመጣለች፣ እየተንፏቀቀች ትሄዳለች። እኔ እትየ ደብሬ ደስ የሚላቸው መስሎኝ በየቀኑ ፊታቸውን አያለሁ። ፊታቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ መጣ። መስታወቱን በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። ጎንበስ ብለው ከሥር ያዩታል። ነጠላ ያጣፉ ጠያቂ ሴቶች ሲወጡ «ሻይ ጠጣችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጠጣን ይሏቸዋል። «ትኩስ?» ትኩስ።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። እጃቸው ላይ ፒንሳ ይዘዋል።

«በየት በኩል ነው የጠለፋችሁት?» አሉ።

እናና ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። «ምኑን?»

«ኮረንቲውን! ቆጣሪው ቆሟል፣ ጭስ የለም፣ ከሰል የለም፤ እናንተ ቤት ግን ሻይ ሲጠጣ ይውላል። ጦስኙ እኔ አልጋ ድረስ ይሸተኛል። ከቆጣሪው በፊት፣ ከፖሉ ላይ ጠልፋችኋል። በዚህ ዝናብ! ልታነዱኝ ነው?»

«እትየ ደብሬ፣ በሥላሴ…» አለች እናቴ።

እትየ ደብሬ ምድጃውን በመዳፋቸው ነኩት። ቀዝቃዛ ነው። መሰኪያውን አዩ፤ አልተሰካም። ይሄ ይበልጥ አናደዳቸው። የእናቴን ብርጭቆ ከነጠላው ሥር ሲተን አይተውታል።

«ታዲያ ይሄ በምን ሞቀ?»

«በገለባ!» አልኩ እኔ። ደስ ብሎኝ ነው፤ በመጨረሻ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ።

«ገለባ?» እትየ ደብሬ ወደ ኋላ ተራመዱ። «ቤቴ ውስጥ? ገለባ ከኮረንቲ ጋር? ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ገመዱ ከበሩ በላይ ነው፣ ዱካ ጎተቱ።

እናና ተነስተው በመሐል ቆሙ። በቁመት ትንሽ ናቸው፤ የእትየ ደብሬ ትከሻ ጋ ነው የሚደርሱት።

«አልተጠለፈም» አሉ። «ቅርጫቱ ውስጥ ነው ያለው።»

«ይግለጡልኛ! ልየው!»

እናና ቅርጫቱን አዩ። እናቴን አዩ። ወንድሜ ተነስቶ ማልቀስ ጀመረ። ባናውን ቢገልጡት የልጃቸው መጠጥ ለሰው ዓይን ይወጣል፣ ሙቀቱም ይሄዳል። ባይገልጡት ገመዱ ይቆረጣል፣ ነገ የሚያፈሉበት የለም። እኔ እንደዚያ ሲቸገሩ አይቻቸው አላውቅም።

«አልገልጥም» አሉ።

«እንግዲያው እቆርጣለሁ» አሉ ዱካው ላይ እየወጡ።

«ዓይንሽን ጨፍኝ።»

እናና እስከዚያ ቀን እትየ ደብሬን «እርስዎ» ነበር የሚሏቸው።

«ምን?»

«ዓይንሽን ጨፍኝና እጅሽን ስጭኝ። ለዓይን ነው የማይገለጠው። ለእጅ ምን አለበት።»

እትየ ደብሬ የሚስቅባቸው ሰው ካለ ብለው ዞረው አዩ። የሳቀ የለም። ከዱካው ወረዱ። ፒንሳውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥብቅ አድርገው፣ እንደ ሕፃን። እናና የግራ እጃቸውን ይዘው ጎንበስ አደረጓቸውና ከባናው ሥር፣ በገለባው በኩል፣ ወደ ድስቱ ጎን ሰደዱት።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ እትየ ደብሬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ጎህ ሲቀድ ፈልታ የገባች ናት።»

«ምንም ሳይሰካ?»

«ምንም።»

እጃቸውን ያወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላወጡም። ያን ጊዜ ነው ውጭ የቀረውን፣ ፒንሳውን የያዘውን እጃቸውን ያየሁት። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ሥር አብጠው ተጣመዋል። በየቀኑ ገመዱን የሚነኩበትን እጅ አይቼው አላውቅም ነበር። እናናም አዩት።

«ክረምት ላይ ይብስብሻል?» አሏቸው ዝግ ብለው።

«ሌት አያስተኛኝም።»

እናና ገለባውን በእትየ ደብሬ ክንድ ዙሪያ ጠቅ ጠቅ አደረጉት፣ ነፋስ እንዳይገባ። እትየ ደብሬ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወደ ታች ወረደ፤ ጉንጫቸው፣ ግንባራቸው፣ ትከሻቸው። የሚያንቀላፉ መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ማነሽ አንች ልጅ» አሉ፣ «ነይ፣ ይችን ፒንሳ ያዥልኝ።»

ተቀበልኳቸው። ብረቱ በረዶ ነበር። እሳቸውም ሁለተኛውን እጃቸውን ከባናው ሥር አስገቡ።